ሁለቱ ሆልምሶች

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላል ያገራችን ሰው፤ እኛም ሙግታችንን ከሥሩ እንጀምር። በሥነ ጽሑፍ ወዳጆች መካከል ከዓመት ዓመት የሚደጋገም አንድ ፍርድ አለ፤ ፍርዱም በሁለት በኩል የተሳለ ነው። በአንዱ ስለቱ «የወንጀል ምርመራ ልቦለድ የጊዜ ማሳለፊያ እንጂ ሥነ ጽሑፍ አይደለም» ይላል። በሌላው ደግሞ «እንዲህ ያለው ታሪክ ያለ ሎንዶን ጭጋግ፣ ያለ ጋዝ ፋኖስና ያለ ፈረስ ሠረገላ አያምርም፤ የእኛ የጥንት ዘመን ለዚህ አይመችም» ይላል። ፍርዱን የሚሰጡት ሰዎች ያነበቡና የተመራመሩ፣ ግጥም የሚወዱ፣ መጽሐፍ የሚያውሱ ናቸው። ስለዚህ ነገሩ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ይህ ጸሐፊ ፍርዱ በሁለቱም ስለት ስሕተት ነው ይላል። ስሕተትም ብቻ አይደለም፤ ከእኛ የተወሰደውን እንዳንጠይቅ አፋችንን የሚለጉም ነው ይላል። ምክንያቱን ይስሙ፣ ከዚያ በኋላ ይፍረዱ።

በ1868 እ.ኤ.አ. ዊልኪ ኮሊንስ የተባለ እንግሊዛዊ ደራሲ «የጨረቃ ድንጋይ» ብለን ልንተረጉመው የምንችለውን ልቦለዱን ቻርልስ ዲከንስ በሚያዘጋጀው ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ከጥር እስከ ነሐሴ በተከታታይ አወጣ። የእንግሊዝ የምርመራ ልቦለድ አባት ማን እንደሆነ የሚከራከሩ ሊቃውንት ከሁሉ አስቀድመው የሚጠሩት ይህንኑ መጽሐፍ ነው። የታሪኩ መነሻ ምንድን ነው? በ1799 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር በሕንድ ሴሪንጋፓታም የተባለውን ምሽግ ሰብሮ ይገባል፤ ገዢው ቲፑ ሱልጣን በውጊያው ይወድቃል፤ ዝርፊያ ይሆናል። አንድ መኮንን በደም በተበከለ እጁ ከአማልክት ግንባር የተነቀለ ቅዱስ አልማዝ ይዞ ወደ አገሩ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ያለው መጽሐፍ ሁሉ የዚያ የተሰረቀ ንዋየ ቅድሳት መዘዝ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ አሁን የዚያኑ ዓመት መዝገብ በሌላ በኩል ይግለጡልን። የሎንዶን አንባቢ የዚያን ልቦለድ ክፍሎች በየሳምንቱ እየጠበቀ ሲያነብ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ወይም በእነርሱ አቆጣጠር ኤፕሪል 13 ቀን 1868፣ የጄኔራል ሮበርት ናፒየር ጦር መቅደላን ሰብሮ ገባ። ዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት ሞትን መርጠው፣ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በተላከላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ሠዉ። ምሽጉ ተዘረፈ፤ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት ተበረበረ። ዘረፋው 15 ዝሆኖችና 200 የሚደርሱ በቅሎዎች ተጭኖባቸው ወደ ደላንታ ሜዳ ተጓጓዘ፤ በዚያም ለሁለት ቀናት ጨረታ ተካሄደበት። ልቦለዱ እየታተመ ሳለ ልቦለዱ በሥጋ እየተፈጸመ ነበር። የምርመራ ልቦለድ የእኛን ታሪክ አይመለከትም የሚል ሰው እዚህ ላይ መልስ አለበት። ይህ ዓይነቱ ድርሰት በእንግሊዝ አገር ሲወለድ የልደቱ ጥያቄ «ከተሰበረው ምሽግ ቅዱሱን ዕቃ ማን ወሰደው?» የሚል ነበር። ጥያቄው የእኛ ነው፤ መልሱን የምንጠይቀው ግን እኛ አልሆንንም።

ሼርሎክ ሆልምስን የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። አርተር ኮናን ዶይል በ1887 እ.ኤ.አ. የፈጠረው ይህ ሰው ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ፒፓውን አጭሶ፣ ከጫማ ጭቃ ተነስቶ ወንጀለኛውን ሲለይ በአማርኛ ትርጉም ሳይቀር ተከትለነዋል። ይሁን እንጂ ከእርሱ 19 ዓመት ቀድሞ ኢትዮጵያ ምድር የረገጠ፣ ሥጋና ደም የለበሰ ሌላ ሆልምስ ነበር። ስሙ ሪቻርድ ሪቪንግተን ሆልምስ ይባላል። የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ ሲሆን የጥንት ቅርስ ዐዋቂ ተብሎ ከናፒየር ጦር ጋር የተላከ ሰው ነው። ምሽጉ በተዘረፈበት ቀን ከአንድ ወታደር ላይ የጳጳሱን አክሊልና የወርቅ ጽዋ በ4 ፓውንድ የገዛው እርሱ ነው። ይህ እንኳ በሙዚየሙ ስም የተደረገ፣ በመዝገብ የሰፈረ ግዢ ነበር። በዚያው ቀን ያገኘው ሌላ ነገር ግን ለሙዚየሙም አልገባም።

ያ ነገር ኵርዓተ ርእሱ ነው። የእሾህ አክሊል የደፋውን ክርስቶስን የሚያሳይ፣ የጎንደር ነገሥታት ወደ ዘመቻ ይዘውት የሚወጡ፣ እጅግ የተከበረ ሥዕል ነበር። በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን፣ በ1744 እ.ኤ.አ.፣ ከስናር ሠራዊት ጋር በተደረገው ውጊያ ተማርኮ በቤዛ እንደተመለሰ በታሪክ ተጽፏል። አገር አንድ ሥዕል ለማስመለስ ቤዛ ከከፈለ ሥዕሉ ለዚያ አገር ምን እንደነበረ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ሪቻርድ ሆልምስ ይህን ሥዕል ለራሱ አስቀረው።

እነሆ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ማንኛውም ልቦለድ ጸሐፊ ቢፈጥረው «አጋነነ» ተብሎ በተነቀፈ ነበር። በ1870 እ.ኤ.አ. ሆልምስ በዊንድሰር ቤተ መንግሥት የንግሥቲቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። በ1872 እ.ኤ.አ. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ለንግሥት ቪክቶሪያና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለግራንቪል ደብዳቤ ጽፈው ሁለት ነገር ለመኑ፤ ክብረ ነገሥትና ኵርዓተ ርእሱ ይመለሱ ዘንድ። ብሪቲሽ ሙዚየም ክብረ ነገሥቱን መለሰ። ስለ ሥዕሉ የተሰጠው መልስ ግን አሻራው እንኳ አልተገኘም፣ ወደ እንግሊዝም የመጣ አይመስለንም የሚል ነበር። ንግሥቲቱ ይህን ስትጽፍ ሥዕሉ የራሷን መጻሕፍት በሚጠብቀው ሰው እጅ ነበር! ሆልምስ ነገሩን ለዓመታት ሸሽጎ ቆየ፤ በ1905 እ.ኤ.አ. ግን የሥዕሉ ፎቶግራፍ የሆልምስ ንብረት ተብሎ በአንድ የሥነ ጥበብ መጽሔት ላይ ታተመ። ሰውየው በ1911 ሞተ፤ ሥዕሉ በ1917 በሎንዶን ለጨረታ ቀረበ፣ በ1950 እንደገና ተሸጠ፣ ወደ ፖርቱጋልም ተሻገረ። በ1998 አንድ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ፈለጉን ተከትሎ ሲደርስበት በፖርቱጋል በአንድ ባንክ ካዝና ውስጥ ተቆልፎበት ነበር።

ይህ ጸሐፊ እንጀራውን የሚበላው በባንክ ሥራ ነው። ካዝና ምን እንደሆነ ያውቃል። ካዝና የገባ ነገር ሁሉ ባለቤት አለው፣ ወረቀት አለው፣ ያስገባው ሰው ፊርማ አለው። ምሽት ላይ ሂሳቡ ሳይታረቅ የቀረ እንደሆነ ማንም ሠራተኛ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ልዩነቱ የአምስት ብርም ቢሆን ደረሰኙ አንድ በአንድ ይገለበጣል። በዚያ ሰዓት የሚጮህ ሰው አይጠቅምም፤ «እኔ ታማኝ ነኝ» ብሎ የሚምልም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ወረቀቱን የሚያይ ሰው ነው። የመቅደላ ሂሳብ ከ150 ዓመት በላይ ሳይታረቅ አድሯል። ስለዚያ ሂሳብ የጮኸ፣ ያለቀሰ፣ የፎከረ ብዙ ነው፤ ደረሰኙን በልቦለድ ወንበር ተቀምጦ የገለበጠ ግን ይህ ጸሐፊ እስካነበበው ድረስ አላጋጠመውም።

እዚህ ላይ የደራሲዎቻችንን ውለታ መካድ ነውር ነው። ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቱን ሰጥተውናል። ብርሃኑማ በኋላ የጻፈውን የዚያኑ ዘመን ልቦለድ «የታንጉት ምስጢር» ብሎ ሰይሞታል። እነዚህ ሥራዎች ንጉሡን ከአፈ ታሪክ አውጥተው ሰው አደረጉልን። ነገር ግን ጥያቄያቸው በአብዛኛው አንድ ነው፤ «ይህ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነበር? ለምንስ ወደቀ?» የሚል። የልቅሶና የአድናቆት ጥያቄ ነው፤ ተገቢም ነው። ሌላው ጥያቄ ግን ገና አልተነካም፤ «በማግስቱ ምን ጠፋ? ማን ወሰደው? የት ደበቀው? ማንስ አይቶ ዝም አለ?» የሚለው። ለፊተኛው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የጀግና ታሪክ ነው። ለኋለኛው ግን የምርመራ ልቦለድ ካልሆነ በቀር የሚስማማ ልብስ የለውም።

«እርሱ የፈረንጅ ልብስ ነው» የሚለኝ ወዳጅ እንዳለ ዐውቃለሁ። ለእርሱ የምሰጠው መልስ እዚሁ ከምንኖርበት ምድር የበቀለ ነው። ወንጀል ተፈጽሞ ፈጻሚው ሳይታወቅ ሲቀር ያገሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ የሚሰበሰብበት ሥርዓት ስሙ አፈርሳታ ነው፤ አውጫጭኝም ይባላል። የቀረ ይቀጣል። ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን ይናገራል፤ በግልጽ መናገር ያልደፈረውም በምስጢር ይጠቁማል። ሽማግሌዎች ቃሉን ያመዛዝናሉ፤ ነገሩ እስኪወጣም ሕዝቡ በቀጠሮ ይመላለሳል። ይህ ሥርዓት ሎንዶን ስለ መርማሪ ልቦለድ መጻፍ ከመጀመሯ በፊት የነበረ ነው። በሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ፣ በክስታኔ የጎርደና ሸንጎ የተቀመጠ ሽማግሌ ምስክርን ከምስክር ማመሳከርን ከማንም ፈረንጅ አልተማረም።

ይህንን ሥርዓት የልቦለድ አጥንት ያደረገልን ሰው ደግሞ የጉራጌ ልጅ ነው። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ የጻፈውንና በታወቀው የአፍሪቃ ደራስያን ተከታታይ ውስጥ የታተመውን ልቦለዱን «አፈርሳታ» ብሎ ሰየመው። በሌሊት የአንድ ገበሬ ጎጆ ይቃጠላል፤ መንደሮቹ ሁሉ እሳቱን የለኮሰውን ለማውጣት ይሰበሰባሉ። ደራሲው ከተቃጠለው ጎጆ ይልቅ የተሰበሰበውን ሕዝብ ያሳየናል። ይኸው ሰው ቀድሞ በቸሃ ቋንቋ የመንደሩን ሕይወት ጽፏል፤ በኋላም ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ በእንግሊዝኛ ልቦለድ ደርሷል፤ የዲከንስንም ድርሰት ወደ አማርኛ መልሷል። እስቲ እነዚህን አራት ክሮች አንድ ላይ ያኑሯቸው፤ የጉራጌ መንደር፣ የአፈርሳታ ምርመራ፣ የመቅደላ ንጉሥና የቪክቶሪያ ዘመን ልቦለድ። በአንድ ሰው እጅ ውስጥ ነበሩ። እኛ ተከታዮቹ ክሮቹን ፈትለን ጋቢ ማውጣት ሲገባን «እንዲህ ያለው ነገር ለእኛ አይመችም» እንላለን።

ልብ ይበሉ፤ በእነርሱና በእኛ መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ሀብት ነው። በሎንዶኑ ታሪክ አንድ ብልህ ያውቃል፣ የቀረነው ሁሉ ደንግጠን እናጨበጭባለን። በአፈርሳታ ግን ብልህ የሚባል አንድ ሰው የለም። ንጹሑም ከሥራው ቀርቶ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል፤ እውነት የጋራ ዕዳ ስለሆነች። የሚያስደንቀው ነገር ኮሊንስም «የጨረቃ ድንጋይ»ን የጻፈው ለዚህ በቀረበ መንገድ መሆኑ ነው፤ አንድ ተራኪ የለውም፤ ምስክሮች በየተራ ይነሳሉ፣ እያንዳንዱም ራሱ ያየውን ብቻ እንዲናገር ይገደዳል። የመጀመሪያው መርማሪ እንኳ ይሳሳታል። ከዚህ የምንማረው የፈረንጁ የመጀመሪያ መጽሐፍ ለአፈርሳታ የቀረበ ሆኖ ሳለ እኛ ግን ከሁሉ ርቀን መቆማችንን ነው።

ወደ ሁለተኛው ክስ እንለፍ፤ «የጊዜ ማሳለፊያ ነው» ወደሚለው። ማሞ ውድነህ የተረጎማቸውን የስለላ መጻሕፍት፣ ይልማ ሀብተየስ የጻፋቸውን የወንጀል ልቦለዶች ያነበበ ትውልድ ለንባብ የበቃው በእነርሱ በር ገብቶ ነው። በሩን ንቆ አዳራሹን ማክበር ምን ይሉታል? ከሁሉ በላይ ግን ይህ ዓይነቱ ድርሰት ለአንባቢው የሚያስተምረው አንድ ልማድ አለ፤ ከፍርድ በፊት ማስረጃ መፈለግን። ይህ ልማድ ዛሬ እንደ እኛ ያነሰው ሕዝብ አለ? ስለ ታሪክ ስንከራከር አስቀድመን ፍርዱን እንጽፋለን፣ ማስረጃውን ከዚያ በኋላ እንቀጥራለን። አያቱን ያከበረ ሁሉ ንጹሕ፣ የሌላውን አያት የጠራ ሁሉ ተከሳሽ ነው። የምርመራ ልቦለድ አንባቢ ግን ከመጀመሪያው ምዕራፍ የጠረጠረው ሰው በመጨረሻው ምዕራፍ ንጹሕ ሆኖ ሊገኝ እንደሚችል በልምድ ያውቃል። ይህን ያህል ትሕትና የሚያስተምር ጽሑፍ እንዴት ተራ ሆነ?

ከሁሉም ተቃውሞዎች ክብደት ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም ከታሪክ ባለሙያዎች በኩል የሚመጣው ነው። «ልቦለድ የታሪክን ውኃ ያደፈርሳል፤ ነገ ሕዝቡ የፈጠራውን ከእውነተኛው መለየት ያቅተዋል» ይላሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። ስለዚህ ለሚጽፈው ሰው አንድ ሕግ እንስጠው፤ በሰነድ የታወቀው ቀን፣ ደብዳቤና የዕቃ ዝርዝር አይነካ። የቴዎድሮስ ደብዳቤ በ1862 እ.ኤ.አ. ተጽፎ ሎንዶን ከደረሰ በኋላ ያለ መልስ መቀመጡ፣ ቆንስል ካሜሮን በ1864 መታሰሩ፣ ግላድስቶን በ1871 በፓርላማ ፊት ቆሞ ዕቃዎቹ መምጣታቸው እንዳሳዘነው መናገሩ፣ እነዚህ የታወቁ ናቸው፤ እንዳሉ ይቆዩ። የደራሲው ክፍል ሰነዱ ዝም ያለበት ነው። ወታደሩ አክሊሉን በ4 ፓውንድ ሲሸጥ ያየችው ሴት ማን ነበረች? የመድኃኔ ዓለም ዲያቆን ማታውን ምን ደበቀ? ታሪክ ጸሐፊ ያለ ሰነድ እዚያ መግባት አይችልም፤ ክብሩም በዚሁ ነው። ደራሲ ግን እዚያ ካልገባ ስለ ምን ደራሲ ተባለ?

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳይመስለን። ልዑል ዓለማየሁ በሰባት ዓመቱ ተወስዶ፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ሞተውበት፣ በ1879 እ.ኤ.አ. በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሊድስ አርፎ በዊንድሰር ተቀበረ፤ የሥዕሉ ደባቂ መጻሕፍት በሚጠብቅበት በዚያው ቤተ መንግሥት። ዐፅሙ ይመለስ ተብሎ በ2007 እ.ኤ.አ. በፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ተጠየቀ፤ በ2023 የቤተ መንግሥቱ መልስ «አይሆንም» ነበር። የአባቱ ፀጉር በ2019፣ የእርሱ ደግሞ በ2023 ተመልሷል። በብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት 11 ታቦታት ማንም እንዳያያቸው ተሸፍነው ተቀምጠዋል። ሕንዳዊው አልማዝ በኮሊንስ መጽሐፍ መጨረሻ ወደ ቤተ መቅደሱ ተመለሰ። እንግሊዛዊው ደራሲ በልቦለዱ የፈረደውን ፍርድ መንግሥቱ በእውነተኛው ዓለም እስካሁን አልፈጸመም። ይህን ቃል በቃል ፊታቸው የሚያኖር ልቦለድ ከመቶ አቤቱታ ይበልጥ ይሰማል፤ በራሳቸው ቋንቋ፣ በራሳቸው የድርሰት ሥርዓት፣ በራሳቸው ሆልምስ ስም ይናገራቸዋልና።

በመጨረሻም ለወልቂጤና ለቡታጅራ ብዕረኞች። መቅደላ ሩቅ ነው የምትሉ ከሆነ ቪክቶሪያ የነገሠችው ከ1837 እስከ 1901 እ.ኤ.አ. መሆኑን አትርሱ። በዚያው ዘመን፣ በ1880ዎቹ፣ የቀቤናው ሐሰን እንጃሞና ራስ ጎበና ዳጬ የተፋለሙት በእኛው ደጅ ነው። ያንን ዘመን አንዱ ቤት እንደ ድል፣ ሌላው ቤት እንደ ሐዘን ይተርከዋል፤ በየቡናው የሚወራው አይገጥምም። ላለመግጠሙ መፍትሔው ጩኸት አይደለም፤ አንዱን ወገን ዝም ማሰኘትም አይደለም። ሁለቱን ወገን በአንድ ሜዳ አስቀምጦ «ያየኸውን ብቻ ተናገር» የሚል አፈርሳታ ነው፤ በመጽሐፍ ገጽ ላይ የሚሰየም አፈርሳታ። ያንን የሚያውቁ አረጋውያን በየዓመቱ ያልፋሉ። ከአያቶቻቸው የሰሙትን ሳንመዘግብ በቀበርናቸው ቁጥር ምስክሩ የሞተበት መዝገብ ይበዛል፤ ምስክር የሌለው መዝገብ ደግሞ የማንም ጮሌ መጫወቻ ነው።

የሎንዶኑን መርማሪ አታንብቡ አላልኩም። አንብቡት፤ ፋኖሱንም ተቀበሉት። ተቀብላችሁ ግን ወደ ራሳችሁ ደጅ አዙሩት። ይህን የማያደርግ አንባቢ ዕጣው እንዲህ ነው፦

የጎረቤት ሌባ ሲያሳድድ ውሎ፣
የራሱን ደጅ ረሳው ክፍት እንዳለ ጥሎ፤
ሻማው ለሰው በርቶ ቤቱ ጨለመበት፣
የጠፋ ዕቃውን ማንስ ይፈልግለት?